ነፋሱን የሚያውቅ መቀስ

የመኪና ልብስ ጥሩ መሆን አለመሆኑ ከዓይን ይልቅ በጆሮ ይታወቃል። ሐዋሳ ላይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ፣ መኪኖች ደጅ በሚያድሩባቸው ኮንዶሚኒየሞች መካከል ያለፈ ሰው ይሰማዋል። አንዱ ልብስ ይርገበገባል፤ አንዱ ይንጣጣል፤ ሌላው ደግሞ ነፋስ ሞልቶት ተነፍቶ ይቆይና ድንገት ጧ ብሎ ኮፈኑ ላይ ይወድቃል። ከመካከላቸው ዝም ያለ አንድ ከተገኘ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ያንን ልብስ ዝም ያሰኘው ሰው እጁ የተፈታ ሙያተኛ ነው።

ብዙ ሰው የመኪና ልብስ የሚገዛው ለፀሐይና ለዝናብ ብሎ ነው። ፀሐይን ለመከለል የትኛውም ጨርቅ ይበቃል። ዝናብን ለመመለስም የትኛውም ላስቲክ ይበቃል። ነፋስ ሲመጣ ግን ጨርቁ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ አቆራረጡና ስፌቱ ናቸው የሚፈተኑት። የሰፊው ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ወሬዬን ከጨርቁ ይልቅ ወደ ስፌቱ አደርጋለሁ።

ነፋስ በራሱ የቆመች መኪናን ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳት ልብሷን መሣሪያ አድርጎ ነው። የዘመናችን መኪና ቀለም ከላሜራው አንሥቶ እስከ ላይኛው አንጸባራቂ ሽፋን ድረስ ቢለካ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ የአንድ ጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ ብልጭታውን የሚሰጠው የላይኛው ሽፋን ግማሹን እንኳ አይሞላም። በዚህ ስስ ነገር ላይ አቧራ ያርፋል፤ በአቧራው ላይ ልብስ ይደረባል፤ ልብሱን ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ የሚያድረው እንግዲህ ፍተጋ ነው። ጠዋት ባለቤቱ ልብሱን ገፎ መኪናዋን ንጹሕ ሆና ሲያያት ደስ ይለዋል። ዓመት ሲሞላ ግን የኮፈኑ ጠርዝና የጣሪያው ማዕዘን ደብዝዞ ያገኘዋል፤ «ፀሐይ በላው» ይላል። ፀሐይ የለበትም ማለቴ አይደለም፤ የበላው ግን ልብሱ ነው።

የሐዋሳ አቧራ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በጥንት ዘመን በፈነዳ እሳተ ገሞራ ሰፊ ገንዳ ላይ ነው። በስተሰሜኗ ያለው ኮርቤቲ እስከ ዛሬ እንፋሎት ይተፋል። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ዱቄትና የባልጩት ስብርባሪ የተቀላቀለበት ነው። ባልጩት የተፈጥሮ መስተዋት ነው፤ በሲዳማና በአጎራባች አካባቢዎች ቆዳ ፋቂዎች ስለት አድርገውት የኖሩ ድንጋይ። ያ ስለት ደቅቆ በጨርቅና በቀለም መካከል ሲገባ ምን እንደሚሠራ ለመገመት ቆዳ ፋቂ መሆን አያስፈልግም። አዲስ አበባ ላይ ያለ ጭቃማ አቧራ በውኃ ይለቃል፤ የሐዋሳው ግን መኪናዋ ላይ ስሙን ጽፎ ነው የሚሄደው።

ቀሪው የአየሩ ጠባይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ቆዳም ቀለምም የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ዳሽቦርድ የሚሰነጥቀው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። ቀን ላይ ምድሩ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ከሰዓት በኋላ አየሩ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። በበልግና በክረምት ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ ነፋሱን አስቀድሞ ይልካል፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሣል፤ ጨርቁ ላይ አቧራው ከተበተነ በኋላ ውኃው ይወርዳል። ቅደም ተከተሉ ራሱ ተንኮል አለበት።

ወፎቹንም አልረሳሁም። ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል አካባቢ መኪና ያቆመ ሰው የአባ ኮዳን ሥራ ያውቀዋል። የወፍ ኩስ አሲድ አለው፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ቀለሙን ይዞ ይኮማተርና ቢፈቀፍቁት የማይለቅ ጥላ ይተዋል። ይህ እንግዲህ የትኛውም ልብስ የሚያስጥለው ነገር ስለሆነ እንለፈው።

ሰው ለመኪና ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ያለችውን ዲኤክስ ወይም ቪትዝ ማቆየት የቤተሰብ ሀብት የመጠበቅ ያህል ሆኗል። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ያለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ መኪናዋ ትለብሳለች።

የምትለብሰው በአብዛኛው ከመለዋወጫ ሱቅ የተገዛውን ብርማ ልብስ ነው። እሱ የሚለካው በፊደል ነው፤ ኤም፣ ኤል፣ ኤክስ ኤል። ለሁሉም እንዲሆን ተብሎ የተሰፋ ልብስ ለማንም ልክ አይሆንም። ዙሪያውን ላስቲክ ተደርጎበት ስለሚሰበሰብ የተረፈው ጨርቅ በጎኖቹ ላይ ሽብሽብ ይሠራል፤ ነፋሱም የሚገባው በእያንዳንዱ ሽብሽብ ነው። ብርማው ቅባት ከጊዜ በኋላ በፀሐይ ይፈረፈርና እንደ ቅርፊት መኪናዋ ላይ ይቀራል። ዋጋው ግን ረከስ ያለ ነው፤ ሰው ቢገዛው አልፈርድበትም።

ሌላው መንገድ ማሰፋት ነው። ሐዋሳ ላይ ሸራ የሚሰፉ ሰዎች ዋና እንጀራቸው የመኪና ልብስ አይደለም፤ ባጃጅ ነው። ከተማዋ በባጃጅ የምትንቀሳቀስ ስለሆነች የባጃጅ ጣሪያ፣ የጎን መጋረጃና የወንበር ልብስ ሲቀደድና ሲቀየር ይኖራል። ከዚያ የአይሱዙ ጭነት ሸራ አለ፤ ከዚያ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን አለ። በ2008 ዓ.ም በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ለውጭ ገበያ የሚሆን ልብስ እየሰፉ፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ በረንዳ ላይ አንድ ሲንጀር ይዞ ሸራ የሚታገል ሰው አለ። የሁለቱ ሙያ አንድ አይደለም። የባጃጅ ሸራ የሰፋ እጅ ከሌላው የሚለየው የሚሰፋው ነገር በነፋስ ውስጥ እንደሚሮጥ በማወቁ ነው። የላላ ስፌት ካለ ሾፌሩ በሳምንቱ ይዞት ይመጣል፤ ያውም እየተቆጣ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያለው ሰፊ፣ የቆመች መኪና ልብስ ሲሰፋም ቆማለች ብሎ አይዘናጋም።

በዝርዝር ለማየት ያገኘሁት ልብስ ለአንዲት ቮልስ የተሰፋ ነው። ሰፊው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ደንበኛውም ረዳታቸውም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን እዚህ ማንሣት አያስፈልግም። ቮልስ ለልብስ ሰፊ ከባዷ መኪና ናት። ቀጥ ያለ ነገር የላትም። የአሁን መኪኖች ጨርቅ ሊንጠለጠልበት የሚችል ትከሻ አላቸው፤ ቮልስ ግን ጣሪያዋም ኮፈኗም ክብ ነው፤ አራቱ ፓራፋንጎዎቿ ደግሞ ከአካሏ ወጣ ብለው ያበጡ ናቸው፣ በመካከላቸውም ሰርጎድ ያለ ገላ አላት። ጨርቅ ዝም ብሎ ቢጣልባት በእነዚያ ስርጉዶች ላይ ተወጥሮ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል። ባዶ ቦታ ካለ ነፋስ ይገባዋል።

ልኬቱ በሜትር አይጀምርም። ጋሼ መጀመሪያ የሚያደርጉት በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ መኪናዋ ታጥባ በደረቀችበት ሰዓት አሮጌ አቡጀዲ ማልበስ ነው። አቡጀዲውን የሚይዙት ከተበላሸ ስፒከር በወጡ ማግኔቶች ነው፤ ማግኔቶቹ እንዳይጭሩ እያንዳንዳቸው በጨርቅ ተሰፍተዋል። ላሜራው ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ከላይ ሆኖ ጨርቁን አጥብቆ ይይዝላቸዋል። ከዚያ በጠመኔ እየሄዱ ገላዋን ይከተላሉ፤ ጣሪያው የሚያልቅበትን፣ መስኮቱ የሚጀምርበትን፣ ፓራፋንጎው የሚያብጥበትን። ጨርቁ የተረፈበትን ቦታ ቆንጠጥ አድርገው በመርፌ ያስይዛሉ። ሜትሩ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ግራው ከቀኙ እኩል መሆኑን ለማረጋገጥ። ሁለቱ እኩል ሆነው የማይገኙበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጋሼ አንገታቸውን ነቅንቀው «ተመታ ነበር» ይላሉ። በላሜራ ሠራተኛ ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮ ተደፍኖበት የተረሳ አደጋ አቡጀዲው ላይ ይወጣል። ልብሱም የሚቆረጠው ፋብሪካው እንደሠራት ሳይሆን ዛሬ እንዳለችው ነው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከፊት እስከ ኋላ፣ በኮፈኑ፣ በመስተዋቱ፣ በጣሪያውና በሞተሩ ክዳን ላይ አንድ ወጥ የመሃል ቁራጭ ያልፋል። ከግራና ከቀኝ አንዳንድ የጎን ቁራጭ አለ። በአራቱ ፓራፋንጎዎች ላይ ደግሞ ለየብቻቸው የተቆረጡ አራት ጉልላቶች ይገባሉ። ከላይ፣ ውኃ ሊያርፍበት በሚችል በየትኛውም ቦታ ላይ ስፌት የለም። ስፌቶቹ ሁሉ የሚወርዱት በጎን በኩል፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች ነው። ሁለት ቁራጮች ሲገናኙ ደግሞ ምንጊዜም የላይኛው የታችኛውን ይደርበዋል፤ ሣር ክዳን የሚከድን ሰው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየደረበ እንደሚወጣው ሁሉ፣ ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ወርዶ መሬት ያገኛል እንጂ መግቢያ አያገኝም። የፊት ቁራጮቹ የኋላዎቹን ይደርባሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ባለቤቱ መኪናዋን ፊቷን ወደ ሐይቁ አድርጎ እንደሚያቆማት ነገሩኝ። ከመቀሱ በፊት የማቆሚያውን አቅጣጫ የጠየቀ ሰፊ ከዚህ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ስፌቱ ራሱ ረጅም ነው። ልብስ ሰፊ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት የጥንካሬ ምልክት እንደሆነ ይማራል፤ በሸራ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። መርፌ በሸራ ላይ የሚተወው ቀዳዳ አይከደንም። ቀዳዳዎቹ ከተጠጋጉ ሸራው በዚያው መስመር ለመቀደድ የተዘጋጀ ይሆናል። ስለዚህ የጋሼ ስፌት ከነጥብ እስከ ነጥብ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። ጥንካሬውን የሚያገኘው በእጥፋቱ ነው፤ የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ አንዱ በሌላው ውስጥ ተጣጥፎ አራት ድርብ ይሆንና ሁለት ጎን ለጎን መስመሮች ይሰፉበታል። ጥሬ ጠርዝ የትም አይታይም። ክሩ ፖሊስተር ነው። የጥጥ ክር ይበሰብሳል፤ የናይለን ክር ሲገዙት ጠንካራ ነው፣ ፀሐይ ግን ከፖሊስተር ይልቅ ቶሎ ታደክመዋለች። ልብሱ የቱንም ያህል ጥሩ ጨርቅ ቢሆን የሚያልቀው ክሩ ባለቀበት ቀን ነው።

ለእንዲህ ያለ ሥራ የተዘጋጀ ማሽን ከላይም ከታችም እየጎተተ የሚሄድ እግር አለው። ተራው ሲንጀር የሚጎትተው የታችኛውን ድርብ ብቻ ነው፤ የላይኛው ወደኋላ ይቀራል፤ ረጅም ስፌት ሲያልቅ ሁለቱ ጫፎች አይገናኙም። የጋሼ ሲንጀር ተራ ነው። ግራ እጃቸው ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ የተሰፋውን በስሱ ይስባል፤ ቀኝ እጃቸው ከፊት ሆኖ የላይኛውን ድርብ በአውራ ጣት እየገፋ ለመርፌው ያቀርባል፤ ማሽኑ ያላሟላውን እጃቸው ያሟላል። ከፊት ባምፐር እስከ ኋላ ባምፐር የሚሄደው ረጅም ስፌት ሲያልቅ ሁለቱ ጠርዞች ጫፍ ለጫፍ ገጥመው አየሁ። አልተቆረጠም፣ አልተለጠፈም። ማየት ለሚወድ ሰው ልብሱን መገልበጥ የሚገባው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ሲገለበጥ ገበሩ ይታያል። ገበሩ ለስላሳ ፍላኔል ነው፤ ጸጉራሙ ፊቱ ወደ ቀለሙ የዞረ። ሾልኮ የገባ ቅንጣት በጸጉሩ ውስጥ ይሰምጣል፤ በቀለሙና በጨርቁ መካከል እየተንከባለለ አይጭርም። ፍላኔሉ ከመቆረጡ በፊት ተነክሮ፣ ደርቆ፣ መግባት ያለበትን ያህል ገብቶ ነው የሚሰፋው። ይህን የማያደርግ ሰፊ ብዙ ነው፤ ልብሱ መጀመሪያ በታጠበ ቀን ገበሩ ይኮማተርና ሸራውን ከውስጥ እየሳበ ሁሉንም ልኬት ያበላሸዋል። በተጨማሪም ገበሩ ከሸራው ጥቂት ለቀቅ ብሎ ነው የተያዘው፤ ሸራው በነፋስ ትንሽ ቢንቀሳቀስ እንቅስቃሴው እዚያው በሁለቱ መካከል ይቀራል፤ ቀለሙ ላይ የተኛው ገበር ባለበት ይተኛል። ለእኔ የዚህ ልብስ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። ከውጭ ጨርሶ አይታይም።

ልብሱ ከተሰጠ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጋሼ ባለቤቱን መልሰው ያስመጡታል። የዱሮ ቀለም የላይኛው ብርሃናማ ሽፋን ስለሌለው ሲፈተግ ቀለሙ ጨርቅ ላይ ይቀራል፤ ቮልሷ ደግሞ ሰማያዊ ናት። ገበሩን ገልብጠው ሰማያዊ የነካበትን ይፈልጋሉ። በኋለኛው የቀኝ ፓራፋንጎ አናት ላይ የጣት ያህል ሰማያዊ ጭረት ተገኘ። ያ ማለት ልብሱ እዚያ ቦታ ላይ እየሄደ እየመጣ ነው ማለት ነው። ጉልላቱ በሁለት ስፌት ቆንጠጥ ተደርጎ ጠበበ፤ ከውስጥም ሌላ የፍላኔል ድርብ ተደረገበት። ለዚህ አልተከፈላቸውም፤ ሊከፈላቸው ይገባል ብለው ያሰቡም አይመስለኝም።

ከታች ወደ ጠርዙ እንሂድ፤ ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚያልፍ አየር ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳልና ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋል። ከታች የገባው አየር ደግሞ ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው፤ ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ በሰላም የቆየ ልብስ በአንድ ውሽንፍር አጥር ላይ ተሰቅሎ የሚገኘው። ገመድ በመኪናዋ ላይ አዙሮ ማሰር መፍትሔ ይመስላል፤ ገመዱ ራሱ ግን መጋዝ ይሆናል። ጋሼ ላስቲክ የሚያደርጉት ከፊትና ከኋላ ባምፐር ሥር ብቻ ነው። ጎኖቹ ያለ ሽብሽብ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ከሆዷ ሥር ሁለት ማሰሪያዎች ያልፋሉ፤ አንዱ ከፊት ጎማዎች ኋላ፣ አንዱ ከኋላ ጎማዎች ፊት። መቆለፊያቸው ከአሮጌ የተማሪ ቦርሳ የተፈታ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት ቢሆን ሲታሰርና ሲፈታ ይጭር ነበር። ማሰሪያው የተሰፋው በቀጥታ በሸራው ላይ ሳይሆን መዳፍ በሚያህል ድርብ ላይ ነው፤ ድርቡም ማዕዘን የለውም፣ ዙሪያው ክብ ነው። ማዕዘን ካለ ጉልበቱ ሁሉ እዚያ ነጥብ ላይ ይሰበሰብና ከዚያ ይቀደዳል።

ጠርዙ መሬት አይነካም። ስንዝር ያህል ክፍት ቀርቷል። መጀመሪያ ሳየው ነፋስ የሚያስገባ ጉድለት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ሸራ አይተነፍስም። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት፣ በተለይ ሐይቁ ዳር በቀዝቃዛ የበጋ ሌሊት፣ ከሸራው ሥር ጤዛ ሆኖ ላሜራው ላይ ቢቀመጥ ዝገት ይጠራል። ከታች ያለው ክፍተት አየሩን ያስገባል፤ ከኋላው መስኮት በላይ፣ ከነፋሱ በተቃራኒ፣ አፋቸውን ወደ ታች የደፉ ሁለት ትንንሽ መተንፈሻዎች ደግሞ ያስወጡታል። መተንፈሻዎቹ ከውስጥ የወባ አጎበር ተሰፍቶባቸዋል፤ ለትንኝ ሳይሆን ለተርብ ነው፤ ተርብ ሰላማዊ ጨለማ ካገኘ ጎጆ ይሠራል። ጎማዎቹ ራቁታቸውን ናቸው፤ ጋሼ ጎማ ማልበስ አያምኑበትም። በዚህ አልስማማም፤ የሐዋሳ ፀሐይ የጎማን ጎን ትሰነጥቃለች፤ እንቅስቃሴ ለሌላት መኪና ደግሞ ይበልጡን።

ስፖኪዮው ለብቻው ጆሮ ተሰፍቶለታል። ቮልሷ ስፖኪዮ ያላት በሾፌሩ በኩል፣ በግራ ብቻ ስለሆነ ጆሮውም አንድ ነው። ውጤቱ የሚያስቅ ጥቅም አለው፤ ልብሱን በተሳሳተ አቅጣጫ ማልበስ አይቻልም። ሆኖም በፊተኛው ጠርዝ ውስጥ ቀይ ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ዝናብ ሲመጣ የሚሯሯጥ ሰው በእጅ ባትሪ ፊቱን ከኋላው እንዲለይበት። ለአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል፤ ልብሱን ሳይገፉ ሌሊት ቻርጅ ለማድረግ በመሙያዋ ልክ ትንሽ በር ይሰፋል፤ በሩ ከላይ ወደ ታች የሚደርብ፣ ከሥሩ ሌላ ምላስ ያለው። ውኃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ ድርብ አይበቃም። ጋሼ ለዚህ ሥራ ገና አልተመቻቸውም፤ ያየሁት በር ትንሽ ጨምደድ ያለ ነው፣ እሳቸውም ያውቁታል።

የማልወድለት ነገር አለ። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው። ቆሻሻ አያሳይም ብለው ነው፤ ግን ጥቁር ነገር ፀሐይ ይጠጣል፤ ከሥሩ ያለችው መኪናም አብራ ትግላለች። ነጣ ያለ ቢሆን እመርጥ ነበር። በጠርዙ ዙሪያ የተሰፋው ቢጫ ጥብጣብም ምንም ሥራ የለውም። እሱን ግን ወድጄዋለሁ።

በረዶንም አይመልስም። ጣሪያ እንጂ እንዲህ ያለ ልብስ በረዶ አይመልስም፤ ይመልሳል ብሎ የሚሸጥ ካለ አይመኑት።

ዋጋው ከተዘጋጀው ልብስ በብዙ ይበልጣል፤ ክርክሩም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። አንድ ወጣት ደንበኛ፣ «ጋሼ፣ ገበሩ ይቅርና ዋጋውን ይቀንሱልኝ» ሲላቸው ሰማሁ። ጋሼ ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ «ገበሩ ከቀረማ ልብሱም ይቅር፣ ልጄ። ራቁቷን ትደር፤ አቧራውን ዝናብ ያጥብላታል» አሉት። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። ገበር በሌለው፣ ልክ ባልሆነ ሸራ ተሸፍና ነፋስ ላይ ከምታድር መኪና ይልቅ ምንም ያልለበሰችው ቀለሟ የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል። ጥሩ ሙያተኛ ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው መልሶ ሲሰድ ማየት ብርቅ ነው፤ ልጁ በማግስቱ ተመልሶ ከነገበሩ አዘዘ።

ሐዋሳ ላይም ሆነ ሌላ ከተማ ልብስ ለማሰፋት ያሰባችሁ፣ የመኪናዋን ስም ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ራሷን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፊቷን ወደየት አድርጋችሁ እንደምታቆሟትም ንገሩ። ሰፊው ገበሩን ነክሮ ያደርቅ እንደሆነ ጠይቁት፤ መልሱ የሚያስገርመው ከሆነ ወደ ሌላ ሰፊ ሂዱ። ልብሱን በቆሸሸች፣ በረጠበች ወይም ሞተሯ በጋለ መኪና ላይ አታልብሱ፤ ገበሩንም ከመኪናዋ ባልተናነሰ እጠቡት። በዋጋ ስትከራከሩ ከቢጫው ጥብጣብ ቀንሱ፤ ከገበሩ አትቀንሱ።